መንገድ ጠቋሚው ሲለወጥ
የመሥሪያ ቤቶቻችን ኮምፒዩተሮች ማንን እየጠየቁ ይሆን?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለሣር ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጻፍበት፤ ደመወዝ የሚሰላበትና የባለጉዳይ መዝገብ የሚወጣበት ኮምፒዩተርም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ባለጉዳይ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ «ኔትወርክ የለም» የሚል መልስ መስማቱ የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ መንገዱ ሳይጠፋ፤ የተለወጠው መንገድ ጠቋሚው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚሁ ጉዳይ ዛሬ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

ለመሆኑ መንገድ ጠቋሚው ማነው? እንደሚታወቀው፤ በከተማችን አንድ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ጠጋ ብሎ «የእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ሲል ይጠይቃል። ባለሱቁ እውነተኛ የሆነ እንደሆነ እንግዳው ሳይንገላታ ይደርሳል። ከሌባ ጋር የተዋዋለ እንደሆነ ግን እንግዳው በገዛ እግሩ ሄዶ ከሌባው ቤት ይገባል። የኮምፒዩተርም ነገር እንደዚሁ ነው። ሠራተኛው የአንድ ባንክ ስም በጻፈ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ያንን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን ዲ.ኤን.ኤስ. የሚባለውን አገልግሎት ይጠይቃል። ማንን መጠየቅ እንደሚገባው የሚያመለክተው ቁጥር የሚገኘው ከኔትወርኩ ሴቲንግ ውስጥ ነው። ክፉ አሳቢ የሠራው ሶፍትዌር ገብቶ ይህንኑ ቁጥር የለወጠ እንደሆነ፤ ሠራተኛው ስሙን አንድም ፊደል ሳያሳስት ቢጽፍም ከሌላ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ይህ የተደረገ ነገር እንጂ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዲኤንኤስ ቼንጀር የተባለ ሶፍትዌር፤ ቪዲዮ ለማየት የሚያስፈልግ መሣሪያ መስሎ ከየኮምፒዩተሩ ይገባ ነበር። ከ100 በሚበልጡ አገሮች 4 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ተያዙ። በአሜሪካ ብቻ የተያዙት 500 ሺህ ያህል ሲሆኑ፤ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ የናሳ ኮምፒዩተሮችም ከነዚሁ መካከል ነበሩ። የአፕልን አይቱንስ የፈለገ ሰው ከአፕል ጋር ግንኙነት ከሌለው ነጋዴ ገጽ ይደርስ ነበር። ወንጀለኞቹ በዚህ ዓይነት ከማስታወቂያ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። ከዚህም በላይ ሶፍትዌሩ ኮምፒዩተሩ የጸረ ቫይረስ ማሻሻያ እንዳያገኝ ይከለክል ስለነበር፤ በሽተኛው መድኃኒቱንም ተነፍጎ ነበር ማለት ይቻላል።

በኖቬምበር 2011 ዓ.ም. ስድስት የኤስቶኒያ ተወላጆች ተያዙ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ባለሥልጣኖች ሐሰተኞቹን ጠቋሚዎች ወዲያው ለመዝጋት አልቻሉም። ቢዘጉ ኖሮ እነሱን ሲጠይቁ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚመልስላቸው አጥተው ከኢንተርኔት ይቆረጡ ነበር። ስለዚህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት ሲስተምስ ኮንሶርሽየም የተባለው ድርጅት በሐሰተኞቹ ምትክ እውነተኛ ጠቋሚዎች አቁሞ እስከ ጁላይ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አገልግሎቱን ቀጠለ። የሚያስገርመው፤ ስምንት ወር ሙሉ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ቆይቶ ቀኑ በደረሰ ጊዜ ገና ያልጸዱት ከ200 ሺህ በላይ መሆናቸው ነው። ሴቲንጉን ከፍቶ ቁጥሩን መመልከት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፤ የሚመለከተው ሰው አልተገኘም።

ለመሥሪያ ቤት ደግሞ የባሰ አደጋ አለ። ይኸው ሶፍትዌር ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያከፋፍለውን ራውተር እየፈለገ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን የይለፍ ቃል ይሞክር ነበር። ቃሉ ያልተለወጠ ከሆነ ራውተሩን ይይዛል። ራውተሩ ከተያዘ ምንም ቫይረስ ያልነካቸው ኮምፒዩተሮችም አድራሻ የሚጠይቁት በእርሱ በኩል ነውና አብረው ይሳሳታሉ። ምንጩ ከደፈረሰ ከታች የሚቀዳው ሁሉ ድፍርስ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፤ የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን አይኑረው። ሠራተኛው በስሕተት ክፉ ሶፍትዌር ቢከፍት እንኳ፤ ሥልጣን ከሌለው ሶፍትዌሩም ሴቲንጉን ለመለወጥ ይቸገራል። ሁለተኛ፤ የራውተሩ የይለፍ ቃል በተገዛበት ቀን ይለወጥ። ሦስተኛ፤ ትክክለኛዎቹ የዲ.ኤን.ኤስ. ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው በኃላፊው እጅ ይቀመጡ፤ በየጊዜውም ከኮምፒዩተሩና ከራውተሩ ቁጥር ጋር ይመሳከሩ። አራተኛ፤ መሥሪያ ቤቱ ከመረጠው ጠቋሚ በቀር ወደ ሌላ የሚላከውን ጥያቄ ፋየርዎሉ ያግደው። አምስተኛ፤ ቁጥሩ ተለውጦ የተገኘ እንደሆነ ቁጥሩን ብቻ መልሶ ዝም ማለት አይበቃም፤ የለወጠው ሶፍትዌር ከውስጥ ካለ ነገም ይለውጠዋልና። ኮምፒዩተሩ ከኔትወርክ ተለይቶ ይጽዳ።

በመጨረሻ ልናነሣው የምንፈልገው የጠባይ ነገር ነው። አንዳንድ አለቆች የአድሚኒስትሬተር ሥልጣንን እንደ ማዕረግ ይቆጥሩታል፤ ባለሙያው «ለእርስዎም አያስፈልግዎትም» ቢላቸው የተናቁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የግምጃ ቤት ቁልፍ የሚያዘው ለሥራው እንጂ ለክብር አይደለም። ቫይረሱም የአለቃና የጸሐፊ ልዩነት አያውቅም፤ የሚያውቀው የተከፈተ በርን ብቻ ነው። በአለቃው ኮምፒዩተር የገባ እንደሆነ ግን ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚወርደው በትንሹ ሠራተኛ ላይ ነው፤ ጉዳቱም ከሩቅ አገር መጥቶ ከመስኮቱ ፊት በቆመው ባለጉዳይ ላይ ነው። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገ ጧት ከቢሮው እንደገባ ባለሙያውን ጠርቶ «የእኛ ኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚጠይቁት ማንን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አይጠቅምምና።