ክብደት ሲቀንስ፦ የስኳር ሕመምና ካንሰር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ



በእኛ በጋይንት «ከሳህ እኮ!» ማለት ምስጋና አይደለም። ሰው ሲከሳ «ምን ነካው? ምን አገኘው?» ይባላል። ወፈር ብሎ ሲታይ ግን «ተስማምቶሃል» ተብሎ ይመረቃል። የስኳር ሕመም ሲመጣ ይህ ይገለበጣል። ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» ይላል፤ ታማሚው ይቀንሳል፤ ዘመድ ወዳጅም «ጎሽ፣ በርታ!» ይለዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀበቶው የላላው በምግብ ጥንቃቄና በእግር ጉዞ ነው ሲባል፣ ከሥር ሌላ በሽታ ሥጋውን እየጨረሰ ቢሆንስ? አንዳንዱ ሰው የካንሰር ምርመራ ውጤት የሚነገረው ሁሉም «ተሻለው» ባለበት ወቅት ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ መጋቢ እንጂ እንደ ሐኪም አይደለም። መድኃኒት የሚያዝዘውም የሚለውጠውም ሐኪም ነው። ይሁን እንጂ ከጤና ባለሙያዎች በግልጽ የታወቀውን ነገር ምእመናን ቢያውቁት ሕይወት ይተርፋል ብዬ አምናለሁ።

1. «ክብደት ቀንስ» የሚባለው ማን ነው?

የስኳር ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዓይነት 2 የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከጎልማሳነት በኋላ የሚመጣና ከውፍረት ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ዓይነት ክብደት መቀነስ በእርግጥ ይጠቅማል። በብሪታኒያ የተካሄደና እ.አ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሕመሙ ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውንና በክትትል ክብደት እንዲቀንሱ የተደረጉትን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከእነዚህ ውስጥ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት የስኳር መጠናቸው ከሕመም መስመር በታች ወርዷል። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶው ለዚህ በቅተዋል።

ዓይነት 1 የሚባለው ግን ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ ነው። በመክሳት አይድንም፤ ኢንሱሊን የግድ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.አ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ድሆችና ቀጫጭን ሰዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ የስኳር ሕመም ሊኖር እንደሚችልም አመልክተዋል። እ.አ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን መሰሉን ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ ድርቅና ረሃብ ባየ አገር ላደገ ቀጭን ሰው «ስኳር ስላለብህ ምግብ ቀንስ» ማለት ጉዳት ነው። የጎረቤታችን ምክር ለእኛ ላይሆን ይችላል።

2. መልካሙ መክሳትና የሚያሳስበው መክሳት

ሁለቱን እንዴት እንለያቸዋለን? አንድ ምእመን እናስብ። ዕድሜው 55 ነው፣ 80 ኪሎ ይመዝናል፣ ስኳር እንዳለበት ተነግሮታል። ስኳር የበዛበትን ሻይና ጠላውን ተወ፤ ድንቹንና እንጀራውን መጠነ፤ ጠዋት ጠዋት ይራመዳል። በወር አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎቱ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ጨምሯል፣ የስኳር ልኬቱም ወርዷል። ይህ መልካም ነው፤ ጌታን ያመስግን።

ይኸው ሰው ግን የሚከተሉትን ቢያይ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፦

- ምንም ሳይለወጥ፣ ወይም ከደከመበት በላይ ኪሎው ቢቀንስ። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይታሰብ ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ ምርመራ ይጠይቃል። ለ80 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው።
- ኪሎው እየቀነሰ ስኳሩ ግን እየጨመረ ቢሄድ። ሰው ሲከሳ ስኳሩ መውረድ ነበረበት።
- የምግብ ፍላጎት ቢጠፋ፣ ቶሎ ቶሎ ቢጠግብ፣ ለመዋጥ ቢቸገር።
- ዓይን ቢጫ ቢሆን፣ ሆድና ጀርባ ያለማቋረጥ ቢያም።
- በሰገራ ወይም በሽንት ደም ቢታይ፤ ሴቶች ካረጡ በኋላ ደም ቢያዩ፣ በጡት ላይ እብጠት ቢያገኙ።
- ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ቢቆይ፣ ሌሊት ላብ ቢያጠምቅ።

ይህ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ራሱ ያከሳል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ያከሳል፤ የስኳር ሕመምተኞችም ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ቲቢ ደግሞ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ያለ ምርመራ ማንም አያውቅም።

የስኳር ሕመምና ካንሰር ዝምድና አላቸውን? አዎን። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የካንሰር ማኅበር እ.አ.አ. በ2010 በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ ዓይነት 2 ካላቸው ሰዎች ዘንድ የጉበት፣ የቆሽት፣ የማኅፀን ግድግዳ፣ የአንጀት፣ የጡትና የሽንት ፊኛ ካንሰር ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚታይ ገልጸዋል። በተለይ የቆሽት ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት በመጣ ስኳርና በመክሳት ነው። ሆኖም አብዛኛው የስኳር ሕመምተኛ ካንሰር አይዘውም። ይህን የምናውቀው ነቅተን እንድንጠብቅ እንጂ በፍርሃት እንድንኖር አይደለም።

3. «ካንሰር ነው» ሲባል ምን ይለወጣል?

የመጀመሪያው ለውጥ በሚዛኑ ላይ ነው። ትናንት ኪሎ መቀነስ ግብ ነበር፤ ዛሬ ጉልበት ማቆየት ግብ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናንና ኬሞቴራፒን ለመቋቋም ሰውነት ሥጋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ክብደት መቀነሴን ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። «ካንሰር ስኳር ስለሚበላ ምግብ ብታቆም ይሞታል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያሳስታል። ካንሰሩ ሳይሆን ሰውየው ነው የሚራበው። እንቁላል፣ ወተት፣ የባቄላና የሽምብራ ሽሮ፣ ምስር ለእንዲህ ያለ ሰው ጥሩ ምግብ ነው።

ሁለተኛው በስኳር ልኬቱ ላይ ነው። ከኬሞቴራፒ ጋር ብዙ ጊዜ የሚሰጡት እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ስኳርን በጣም ከፍ ያደርጋሉ። በተቃራኒው የሚያስታውክና መብላት ያቃተው ሰው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እንደ ወትሮው ከወሰደ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከመጣ፣ ራሱን እስካልሳተ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሕክምና አድርሱት። ኢንሱሊንን ግን በራስ ሥልጣን ጨርሶ ማቆም፣ በተለይ ለዓይነት 1፣ ለሞት ያደርሳል።

ሦስተኛው እግር ነው። ስኳርም አንዳንድ የካንሰር መድኃኒትም እግርን ያደነዝዛሉ። ዝነኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም ከማረፉ በፊት በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩን ማጣቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በየምሽቱ እግርን መፈተሽ፣ በባዶ እግር አለመሄድ ቀላል ግን ትልቅ ጥንቃቄ ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂድ።

4. ከንፋስ መውጫ ወዴት?

መንገዱ የሚጀምረው ከቅርብ ጤና ጣቢያና ከከተማው ሆስፒታል ነው። ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ደብረ ታቦር፣ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይኬዳል። ካንሰር መሆኑ በብዛት የሚረጋገጠው ከእብጠቱ በሚወሰድ ናሙና ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፣ ቆይቶ ጅማም ጀምሯል። የጤና መድን ያላችሁ የመድን ደብተራችሁንና የሪፈር ወረቀቱን አትርሱ፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ ለቸገራቸው ታካሚዎች፣ በካንሰር በተለየ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እንደሚያግዝ ማወቅ ይጠቅማል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም በጦርነቱ ምክንያት የንፋስ መውጫ ሆስፒታል በተዘረፈና በተጎዳ ጊዜ፣ መድኃኒት የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል ከተማችን አይታለች። ስለዚህ የምትወስዱትን የመድኃኒት ስምና መጠን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ሳያልቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ጸሎት፣ ጾምና መድኃኒት

ጌታ ይፈውሳል፤ ይህን ያለ ሐፍረት እንሰብካለን። ያው መጽሐፍ ግን ንጉሥ ሕዝቅያስ የፈውስ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንደተደረገለት ይነግረናል (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)፤ ጥሮፊሞስ እምነት ጎድሎት ነው የሚል ቃል ግን አናነብም። ጌታ ኢየሱስ አሥሩን ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው (ሉቃ. 17፥14)። በሕጉ መሠረት መንጻታቸውን የሚመረምሩት ካህናት ነበሩ። ዛሬም «ተፈውሻለሁ» የሚል ወገን ይመርመር፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ያቁመው። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ሲታወጅ ኢንሱሊን የሚወጋውና ኬሞቴራፒ ላይ ያለው ሰው እንዲጾም አይገፋፋ። በልቶ ቢጸልይ በእግዚአብሔር ፊት አያንስም።

6. ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

የኢዮብ ወዳጆች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት የተቀመጡ ጊዜ ነው (ኢዮ. 2፥13)። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ኃጢአቱን ሲፈልጉ ከረሙ። እኛም «ምን በድለህ ይሆን?» አንበል። «ከሳህ፣ ወፈርህ» እያልን የታመመን ሰው አንመዝነው። ይልቁንም አንዱ አብሮት ሆስፒታል ይሂድ፣ ሐኪሙ ያለውን ይጻፍለት። አንዱ የመሳፈሪያ ይያዝለት። አንዷ እኅት ታማሚው ሊበላ የሚችለውን ጠይቃ ትሥራለት። ሽማግሌዎች ቤቱ ሄደው ይጸልዩለት (ያዕ. 5፥14)፤ የበሽታውን ስም ግን ያለ ፈቃዱ በመድረክ አይናገሩ።

ወገኖቼ፣ ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ሐኪሙ «መጥፎ ዜና ነው» የሚልበት ቀንም ሊመጣ ይችላል። በዚያ ቀን ጌታ ከእኛ አይለይም፤ እኛም ከወንድማችን አጠገብ አንለይ። በዚህ ሳምንት ሳያስበው የከሳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ ሐሜቱን ትታችሁ «ነገ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» በሉት።

ጌታ ይባርካችሁ።