ትንሿ ጀበና

ነገሩ የጀመረኝ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣ ስሙን የማያውቁትን የእንቅልፍ ኪኒን በቀለሙ ይጠይቃሉ። ፋርማሲስቷ «እማማ፣ ያለ ማዘዣ አይሸጥም» ትላለች። «በኮሮና ጊዜ የሄደ እንቅልፍ ነው ልጄ፤ ማን ይዘዝልኝ?» አሏት። ለራስ ምታት የገባሁት ሰው መድኃኒቴን ትቼ ተከተልኳቸው።

ቀኖቹን አንባቢ አይረሳቸውም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። «እኛ ቡና ላይ ሰባት ነን። ማንን ላስቀር?» ይላሉ እኚህ እናት።

ሁሉንም አስቀሩ። ማለዳ ለኪዳን ዳገቱን ይወጡ ነበር፤ ሐኪም እንቅስቃሴ የሚለው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ እሱም ቀረ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ደግሞ ቶና ሲቀዳ «ዋጥሽ?» የምትል ጎረቤት ነበረቻቸው። «ትንሽ ጀበና ገዛሁ። አቦል ላይ ያልቃል፤ ቶና የለም። ቡና ብቻህን ስትጠጣው ቶሎ ያልቃል፣ ቀኑ ግን አያልቅም።» በዚያው ሰሞን ወንድማቸው ሞተ። «በስልክ አለቀስኩት» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። አዲስ አበባ ወረርሽኝ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ ተብሎ ገባ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል፤ የከተማዋ ሟቾች በ10 ሺህ ገደማ ይገመታሉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መታሰቢያ ነው። ያኔ ቀባሪ የጠፋው ቀባሪውም ስለታመመ ነው። በ2012 ግን ቀባሪው ደህና ሆኖ ቤቱ ተቀመጠ፤ የእድሩ ድንኳን እንደታጠፈ ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ ይኼኛው ነው፤ ጢስም አልወጣለት።

የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመራቸውን ገልጿል። የእኛን ልጠይቅ ብዬ አንድ የጤና ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ፤ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ናቸው። እስካሁን ስብሰባ ላይ ናቸው።

የእናታችን የደም ግፊት ኪኒን ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ጉልበታቸውም ዛሬ ዳገቱን እምቢ ብሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ከተከፈተ፣ ክልከላው ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። ከስድስቱ ጎረቤቶች ሁለቱ ሰፈር ቀይረዋል፣ አንዷ አርፈዋል፤ የቀሩትም በየቤታቸው መጠጣቱን ለምደውታል።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። «ለሁለት ሰው ትንሿ አትበቃም» ብለው ትልቋን ጀበና ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረዱ፤ አቧራዋን ሲጠርጉ ቆዩ። ኪኒኑን ውጠው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ቶና ላይ አስታውሰኝ» አሉ።