ስለ ክሪ ፊደል «ህክ» ምልክትና በኮምፒዩተር ስለ ተሰጠው ቍጥር

በካናዳ የሚኖሩት የክሪ ሕዝቦች የሚጽፉበት ፊደል እንደ ግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ቀለም አስተባብሮ የያዘ ነው። ይሁን እንጂ አናባቢው የሚለየው በቅጥል ሳይሆን በቀለሙ አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ቅርጽ ሲዞር ወይም ሲገለበጥ አራት ልዩ ልዩ ድምፆችን ይሰጣል። ፊደሉን እ.ኤ.አ. በ1840 በኖርዌይ ሃውስ የተቀመጠው የሜቶዲስት ሚስዮናዊ ጀምስ ኢቫንስ እንዳዘጋጀው በታሪክ መጻሕፍት ይነገራል። የክሪ ሽማግሌዎች የቃል ታሪክ ግን ከመናፍስት ዓለም ሚስታናስኮዌው ለተባለ ሰው የተሰጠ መሆኑን ያስረዳል።

አናባቢ የሌለው ተነባቢ በትንሽ ምልክት ይጻፋል። ከነዚህም ምልክቶች አንዱ በሳስካቸዋንና በአልበርታ በሚነገረው የሜዳ ክሪ ቋንቋ «ህክ» ተብሎ የሚነበበው፣ እንደ ማባዣ ምልክት የተመሳቀለው ትንሽ ቀለም ነው። ሁለት ተነባቢዎችን ባንድነት የያዘ ሲሆን፣ ስፍራን የሚያመለክቱ ስሞች በዚሁ ድምፅ ስለሚጨርሱ በጽሑፍ ላይ አዘውትሮ ይገኛል። ለምሳሌ «ዋስከሂከን» ቤት ማለት ሲሆን «ዋስከሂከኒህክ» በቤት ውስጥ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በቅርጽ ሳይሆን በቍጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ቍጥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የመዝገቡ 3ኛ እትም የግእዝ ፊደልና የካናዳ ነባር ሕዝቦች ፊደል ባንድ ጊዜ ገብተዋል፤ ባሥር ቤት አቈጣጠር «ሀ» 4608ኛውን ስፍራ ሲይዝ፣ ለካናዳው ፊደል ከ5120 እስከ 5759 ያለው ክፍል ተመድቧል። በዚህም ክፍል የክሪ፣ የኦጂብዌ፣ የኢኑክቲቱትና የዴኔ ቋንቋዎች ቀለሞች ባንድነት ተመዝግበዋል።

ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። በክፍሉ ውስጥ የተመሳቀለ ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች አራት ናቸው። 5501 የክሪው «ህክ» ነው። 5441 ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የሳዪሲ ዴኔዎች «ዪ» ሲሆን፣ የዴኔ ቋንቋ ከክሪ ጋር የቤተሰብ ዝምድና የለውም። 5742 የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነጥብ ነው። 5741 ደግሞ የክርስቶስን ስም በምሕፃር ለመጻፍ የሚያገለግል የሚስዮናውያን ዘመን ቅርስ ነው። ዓይን ሁሉንም እንደ አንድ ሊያያቸው ይችላል፤ መዝገቡ ግን የለያቸው በአገልግሎታቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ጸሐፊ «ዋስከሂከኒህክ» የሚለውን ቃል በ5441 ጽፎት ሌላው በ5501 ቢፈልገው፣ ቃሉ በፊቱ ተጽፎ ሳለ አይገኝም። መዝገበ ቃላት የሚያሰናዳ ሰውም አንዱን ቃል እንደ ሁለት ይቈጥረዋል። በ5742 የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ ቃሉ የመጨረሻ ድምፁን ያጣል፤ ዓረፍተ ነገሩም ያለ ቦታው ይዘጋል። ከሽማግሌዎች አፍ ተቀድቶ የተከማቸ ተረትና ታሪክ በዚህ ምክንያት ለተመራማሪውም ለክሪው ተማሪም ሊሰወር ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍም ከዚህ ነፃ አይደለም። አራት ነጥብ የራሱ ቍጥር 4962 እያለው ብዙ ጸሐፊዎች ቍጥሩ 4961 የሆነውን ሁለት ነጥብ ደግመው ይጽፋሉ። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒዩተር ግን ዓረፍተ ነገሩ አልተዘጋም።

የክሪን ጽሑፍ ለማረም 5441ን ወደ 5501 የሚለውጡ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ነገር ግን እርማቱ በዴኔ ጽሑፍ ላይ ቢፈጸም ትክክለኛውን «ዪ» ያጠፋል። ስለዚህ ከቍጥሩ አስቀድሞ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተጻፈ መታወቅ አለበት፤ ይህም የቋንቋውን ባለቤቶችና የቋንቋ ሊቃውንትን ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው።