የአባባ ሽበት ለምን ጠቆረ?

«አባባ፣ ቀለም ተቀቡ እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። አያቴ እንኳን ቀለም ሊቀቡ መስታወትም አያዩም። ግን ያ ጥጥ የመሰለው ሽበታቸው ከሥሩ እየጠቆረ መጣ። ሰፈሩም ወሬውን ተቀባበለው። አንዱ «በስተርጅና ሊያገቡ ነው» ሲል ሌላው «ጠንቋይ ቤት ሄደው ነው» አለ። አባባ አፍረው ከቤት መውጣት ተዉ።

ጓደኞቼ፣ አባባ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባል የደም ካንሰር አለባቸው። ለዚህም ኢማቲኒብ የተባለ ኪኒን በየቀኑ ይወስዳሉ። አንድ ቀን ኪኒኑን ስቆጥረው ከሚገባው በላይ ተርፏል። ለካስ ትተውታል! «ሽበት የአምላክ ጸጋ ነው። እሱን የሚቀማኝ መድኃኒት ይቅርብኝ» አሉኝ። በጣም ደነገጥኩ። በማግስቱ ሐኪማቸው ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ።

ሐኪሙ እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ለጸጉራችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። እሱን የሚሠሩት ደግሞ ከጸጉር ሥር ያሉ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሲያንሱ ወይም ሥራ ሲያቆሙ ጸጉር ይሸብታል። ኢማቲኒብ የካንሰሩን ሕዋሳት የሚያባዛውን ፕሮቲን ያግዳል። ይሁን እንጂ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት የሚጠቀሙበትን ኪት የተባለ ሌላ ፕሮቲንም ይነካል። በዚህ የተነሳ የአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ወይም ጸጉር ይነጣል። የጥቂቶች ሽበት ግን በተቃራኒው ይጠቁራል። በ2002 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሐኪሞች መድኃኒቱን ከወሰዱ 133 ሕሙማን የ9ኙ ሽበት መጥቆሩን ጽፈዋል። ምክንያቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልታወቀም።

«የጸጉሩ መጥቆር ምንም አይጎዳዎትም፤ ኪኒኑን ማቋረጥ ግን ካንሰሩን መልሶ ያነሳዋል» አሏቸው ሐኪሙ።

እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያመጡ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ለምሳሌ ከቀድሞዎቹ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዚዶቩዲን የአንዳንድ ሰዎችን ጥፍር ያጠቁራል። ታዲያ የሰውን ጸጉር ወይም ጥፍር አይተን ስናማ፣ ያ ሰው ሐሜቱን ሸሽቶ ሕይወቱን ያቆየለትን መድኃኒት ሊተው ይችላል። እናም እናንተ በመድኃኒት የተነሳ ያልጠበቃችሁት ለውጥ ካያችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪም ጠይቁ።

አባባ አሁን ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ እኔም እቆጥራለሁ። ማታ ማታ ታዲያ ጎንበስ ይሉና «ነይ እስቲ፣ አንድ ሽበት እንኳ ተርፎኝ እንደሆነ ፈልጊልኝ» ይሉኛል።