የክብሪት ቀፎ የምታህል ኮምፒውተር ለየጥኖራ ልጆች

ባለፈው ክረምት እናቴ ከየጥኖራ ደወለችልኝ። ከጤና ጥየቃው በኋላ ድምጿ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች እኮ መጽሐፍ የላቸው፣ ኔትወርክ የላቸው። የተማሩትንም እየረሱት ነው» አለችኝ። ልጆች የምትለው የወንድሜን ልጆች ነው፤ ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ስትሆን ታናሿ አምስተኛ ነው።

ምን ልላት እችላለሁ? በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከደጀን ወደ ቢቸናና ሞጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን «ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ አንብብ» ሊለው አይችልም ነበር።

ንግግራችንን የሰማው የ14 ዓመቱ ልጄ፣ «አባዬ፣ ኢንተርኔቱን ካልቻልን ቤተ መጻሕፍቱን እንላክላቸዋ» አለኝ። ሐሳቡ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር መግዛት ነበር።

ራስፕቤሪ ፓይ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ፣ ልጆች በርካሽ ኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት እንዲማሩ ተብሎ የተጀመረ ነው። የመጀመሪያው የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ የካቲት 21 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋይፋይ ያላት ዜሮ ደብሊው በ10 ዶላር ወጣች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፈጠን ያለችው ዜሮ 2 ደብሊው በ15 ዶላር ተከተለች። እኛ የገዛነው ይህችኛዋን ነው። ርዝመቷ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። እርግጥ እዚህ አገር ስትደርስ ዋጋዋ ከዚያ ይበልጣል።

ለመግዛት የምታስቡ ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዕቃዋ ብቻዋን ምንም አትሠራም። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ቻርጀርም ሆነ ሚሞሪ ካርድ አብሯት አይመጣም። ባለ 5 ቮልት፣ 2.5 አምፒር ቻርጀርና ማይክሮ ኤስዲ ካርድ የግድ ያስፈልጋል። ስክሪንና ኪቦርዱን ግን በዋይፋይ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በማዘዝ መተው ይቻላል።

እኛን መጀመሪያ ያሰናከለን ካርዱ ነው። «64 ጊጋ» ተብሎ የተሸጠልን ካርድ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ የተጻፈበትን ሁሉ አበላሸው። ሁለት ማታ ከለፋን በኋላ ነው ሐሰተኛ መሆኑ የገባን። ስለዚህ ካርድ ስትገዙ ሻጩ ፊት ባይሆን እንኳ በዚያው ቀን ሞልታችሁ ፈትኑት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤት ኮምፒውተር ላይ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ትጭናላችሁ። ፕሮግራሙ ሥርዓቱን ካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ የዋይፋያችሁን ስምና ቁልፍ ታስገባላችሁ፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ለመግባት የሚያስችለውንም ኤስኤስኤች ትከፍታላችሁ። ካርዱን ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ኃይል ትሰጧታላችሁ። ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳ አላት፤ የኃይሉ ወደ ዳር ያለው ነው። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ደቂቃ ስለምትፈጅ አትቸኩሉ።

እኛ ቸኩለን ነበር። መብራቷ ይበራል፣ ዋይፋይ ላይ ግን የለችም። ልጄ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል የራውተራችንን ማስተካከያ ከፍተን አየን። ለካ እሷ የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው፤ እኛ የጻፍንላት የ5 ጊጋኸርዙን ስም ኖሯል። ስሙን ስንቀይር ወዲያው ተገኘች። ልጄ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

ከዚያ ኪዊክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንን። ይህ ውክፔዲያን የመሰሉ ድረ ገጾች ሙሉ በሙሉ ወርደው ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡ ያደርጋል። የተማሪ መጻሕፍትንም በፒዲኤፍ ጨመርንበት። የሚወርደው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ራሷ ዋይፋይ እንድታሰራጭ ያደረግናት፤ ይህን አስቀድሞ ማድረግ ከቤት ኢንተርኔት ያስወጣታል። አሁን የጥኖራ ያለ ስልክ በዋይፋይ ይገናኛታል፤ ካርድ መሙላት አያስፈልግም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ፓወር ባንክ አብረን ላክን። ለክፉ ቀን ደግሞ ሁሉም የተቀዳበት ሁለተኛ ካርድ በፖስታ አሽገን ለእናቴ አደራ ሰጠናት። እሷም ከመቀነቷ ቋጠሮ አላወጣችውም አሉ።

ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ያለ አስተማሪ ለሕፃናት ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው አብርተው መጠቀም መቻላቸው በዓለም ዙሪያ ተወርቷል። ልጅ ዕቃ አይከብደውም። እኔ ግን ከእናቴ የተማርኩት ሌላ ነው። ማታ ማታ ልጆቹን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ዛሬ ያነበባችሁትን ንገሩኝ» ትላቸዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ካልገባት አትለቃቸውም።

ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «ልብ በገላችን ውስጥ ደም የምትገፋ ጡንቻ ናት አለችኝ ልጅቷ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው እምዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ያች ክብሪት የምታህለው ዕቃችሁ አትዋሽም» አለችኝ።