የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተሳካ በኋላም የማይረጋጋው የፓራታይሮይድ ሆርሞን

የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሕመምተኛ አዲሱ ኩላሊት ሥራውን ሲጀምር ከእጥበት ይገላገላል። ይሁን እንጂ የቀድሞው ሕመም በአንገት ውስጥ በሚገኙ ጥቃቅን ዕጢዎች ላይ ያደረሰው ለውጥ በዚያው ቀን አያበቃም።

ፓራታይሮይድ የሚባሉት እነዚህ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሩዝ ፍሬ ያህላሉ። ተግባራቸው በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን መቆጣጠር ነው። ካልሲየም ሲያንስ የሚያመነጩት ሆርሞን ካልሲየምን ከአጥንት ያስወጣል፤ ኩላሊትም ካልሲየምን እንዲያስቀርና ፎስፈረስን በሽንት እንዲያስወግድ ያደርጋል።

ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ለሥራ የሚያበቃው ቫይታሚን ዲም ይቀንሳል። ዕጢዎቹ ጉድለቱን ለማካካስ ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ በዓመታት ሂደት ያድጋሉ። ሕመምተኛው በእጥበት የቆየበት ጊዜ በረዘመ መጠን ችግሩ ሥር የመስደድ ዕድሉ ይሰፋል። ከንቅለ ተከላ በኋላ የሆርሞኑ መጠን በአብዛኛው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከልክ በላይ ያደጉ ዕጢዎች ግን ካልሲየም በቂ ቢሆንም ሆርሞን ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ።

በዚህን ጊዜ ጤናማው ኩላሊት ለሆርሞኑ በሚገባ ስለሚታዘዝ በደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ፎስፈረስም ይቀንሳል። ይህም ለአጥንት መሳሳትና ስብራት፣ ለኩላሊት ጠጠር እንዲሁም በተተካው ኩላሊት ውስጥ ለካልሲየም ክምችት ሊዳርግ ይችላል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም አጥንትን ስለሚያሳሱ ጉዳቱ ይደራረባል። ድካምና የሆድ ድርቀት ምልክቶቹ ሊሆኑ ቢችሉም፣ ብዙዎች ምንም ስለማይሰማቸው ችግሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።

ለሕክምናው ሲናካልሴት የተባለ መድኃኒት ወይም አብዛኛውን የዕጢ ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣት በአማራጭነት ይቀርባሉ። በስፔን 30 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ12 ወራት በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 15 ሕሙማን የሁሉም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 15 ደግሞ የ10ሩ ካልሲየም ወደ ጤናማ መጠን መመለሱን አመልክቷል። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው ካልሲየምን ከሚፈለገው በታች ሊያወርድ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይሻል።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ወገኖች የካልሲየም፣ የፎስፈረስና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራቸውን በቀጠሮ መከታተል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም የካልሲየም እንክብል አለመውሰድ ይጠበቅባቸዋል።