ከባች ካናቴራ እስከ ቴሌግራም ሱቅ፦ የሠዓሊ ቲሸርት በጅማና በቡና ከተሞቿ

ጅማ ላይ ንድፍ የታተመበት ቲሸርት ለረጅም ጊዜ የሚለበሰው በጅምላ ነበር። ምርጫ ሲደርስ የፓርቲ ምልክት፣ የጤና ዘመቻ ሲመጣ መፈክር፣ ማኅበር ሲቋቋም ዓርማ ይታተማል፤ አስተባባሪው ያድላል፣ ሁሉም ያንኑ ይለብሳል። ዛሬ አጋሮ ያለች ወጣት ስልኳን ከፍታ የወደደችውን የአንድ ሠዓሊ ሥራ መርጣ ለራሷ አንድ ፍሬ ብቻ ማዘዝ ትችላለች። በሁለቱ ልማዶች መካከል ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል። ገበያው ብዙ ተራምዷል፤ ንድፉን የሠራው ሰው ግን አብሮ አልተራመደም ብዬ አምናለሁ። ይህን ዳሰሳ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የጅምላው ዘመን

በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ቲሸርትን የአንድ ቀን ማስታወሻ አድርጎ አስለመደን። በሚሊኒየሙ ዋዜማም በየከተማው የበዓሉን ካናቴራ ያልለበሰ ወጣት ጥቂት ነበር። ጅማ ላይ ዋናው ደንበኛ ተማሪ ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ተመራቂው በየዓመቱ እየበዛ፣ የባች ቲሸርትም አብሮ እየበዛ ሄደ። በጀርባው የክፍሉ ልጆች ስም ይዘረዘራል፤ ከምረቃው በፊት ጓደኛ ለጓደኛው በማርከር ይፈርምበታል።

በጅምላ መታተሙ ምክንያት ነበረው። በስክሪን ፕሪንት ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ያስፈልጋል። በፍሬሙ ላይ የተወጠረው ስስ ጨርቅ ብርሃን ሲያገኘው የሚደርቅ ፈሳሽ ይቀባል፤ የንድፉ ፊልም ተነጥፎበት መብራት ይበራበታል፤ ያልደረቀው ክፍል ታጥቦ ሲወጣ በተከፈተው በኩል ቀለሙ በጎማ ተስቦ ጨርቁ ላይ ያርፋል። አንድ ቲሸርት ለማተምም ሆነ 200 ለማተም ዝግጅቱ ያው ነው። ስለዚህ አታሚው አንድ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ጊዜ አልነበረውም፤ ንድፉም ሃምሳ ሰው የሚስማማበት መሆን ነበረበት። ሠዓሊው በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ልጅ ፊደል መርጦ ዓርማ ካስገባ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ባሕር ማዶ የተጀመረው

በዚያው ሰሞን ሌላ ሐሳብ ውጭ አገር ተወልዶ ነበር። እ.አ.አ. በ2000 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው ትሬድለስ ሠዓሊዎች ንድፍ እንዲልኩ ጠራ፤ ሰው በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣል፣ ያሸነፈው ይታተማል፣ ሠዓሊውም በስሙ ይከፈለዋል። እ.አ.አ. በ2006 ሜልበርን ላይ የጀመረው ሬድበብል ደግሞ አንድ ቲሸርት እንኳ ሲታዘዝ የሚታተምበትን አሠራር ይዞ መጣ። ኢትዮጵያውያንም አልዘገዩም። እ.አ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የጀመሩት በርኖስ ኢትዮጵያዊ ጭብጥ ያላቸውን ቲሸርቶች በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። የእኛን ታሪክና ሙዚቃ ከቱሪስት ዕቃ አውጥቶ ወጣት የሚኮራበት ልብስ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ጅማ ላለው ወጣት ግን ይህ ሁሉ በመስታወት የሚታይ ሱቅ ነበር፤ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድና የውጭ ምንዛሪ የሌለው ሰው ከማየት አያልፍም።

ስልኩ የከፈተው በር

በሩን የከፈቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍያ ነው፦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ወደ ገበያው ገባ፣ ዓመቱ ሳያልቅም ኤምፔሳን አስከተለ። ሁለተኛው ዲቲኤፍ የሚባለው ኅትመት ነው። ንድፉ በሙሉ ቀለሙ ፊልም ላይ ይታተማል፣ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በሂት ፕሬስ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ከቲሸርቱ ጋር ይጣበቃል። ለየቀለሙ ፍሬም የለም፤ አንድ ፍሬ ማተም አያከስርም።

ግብይቱ የራሱን ወግ አበጅቷል። ሻጩ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ ገዢ በኢንቦክስ ቀለምና ሳይዝ ይጠይቃል፤ ብሩ ይላካል፣ የተከፈለበት ስክሪንሾት ይከተላል። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ዕቃው በፌስታል ታስሮ ለጅማ መኪና ይሰጣል፤ የረዳቱ ስልክ ለገዢ ይደርሰዋል፣ ገዢም መናኸሪያ ወርዶ ይረከባል። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ቦንጋ የሚሄደው ጅማ ላይ ሌላ መኪና ይለውጣል። ሁሉም ነገር በመተማመን ላይ የቆመ ነው።

ጨርቁ ግን ከኅትመቱ እኩል አልተራመደም። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ አታሚው ግን ዛሬም በአመዛኙ ከውጭ የገባ ባዶ ቲሸርት ነው የሚገዛው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው ሲወደድ አታሚው የሚቀንሰው አላጣም፤ መጀመሪያ የቀነሰው የንድፍ ክፍያን ነው።

የማን ሥራ ነው?

ጅማ የንድፍ ድሃ አይደለችም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለሦስት እግር በርጩማ፣ የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት፣ ቀይ ፍሬ ያዘለ የቡና ቅርንጫፍ፣ ኦዳው ሁሉ ሠዓሊ የሚጠብቁ ናቸው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ፣ የከተማዋን ስም ደረት ላይ መልበስ ምን ያህል እንደሚያኮራም ታይቷል። ሆኖም በየቻናሉ የሚደጋገመው አንድ ዓይነት ጀበና ነው፤ ከአንዱ ገጽ ተቀድቶ ሌላው ላይ ይታተማል፣ ማን እንደሣለው የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ግን አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ ሥራውን እንደሠራ ባለመብት ነው፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ስም ምን እንደሚያመጣ የጅማ አካባቢ ከቡናው አይቶታል። የጅማ ቡና ለዘመናት ከየጓሮው ተሰብስቦ እየተቀላቀለ በጅምላ ስም ይሸጥ ነበር። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ማጠቢያ ጣቢያ ሲያቆሙ ቡናቸው በራሱ ስም መጠራት ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዱሮሚና እ.አ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተካሄደ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱም ዛፉም የድሮው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩና ቡናው የማን መሆኑ መታወቁ ነው።

ለቲሸርቱም የምመኘው ይህንኑ ነው። አታሚው የሠዓሊውን ስም ከአንገቱ በውስጥ በኩል ያትም፤ በአንድ ጊዜ ክፍያ ፈንታ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ፍሬ ድርሻ ይስጠው፤ ስምምነቱም አንድ ገጽ ብትሆን በጽሑፍ ይሁን። ገዢም ሳይዝና ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ማን ሠራው?» ይበል፤ መልስ ከሌለው ሻጭ አይግዛ። በጣም ቀላሉ መጀመሪያ ያለው በተመራቂ ተማሪዎች እጅ ነው። በአንድ ጊዜ መቶዎችን የሚያዝ ሌላ ደንበኛ ጅማ ውስጥ ብዙ የለም። የዘንድሮው የባች ኮሚቴ ንድፉን ለአንድ የጅማ ሠዓሊ በስሙና በውል ቢያሠራ፣ ሌላው አታሚ ሁሉ የሚከተለው አሠራር ይሆናል።